የሉባባ ፀሐይ

የልጅ ልጄ ሀያት ትናንት ከሐኪም ቤት ስትመለስ አኩርፋ ነበር። ስኳር የያዛት ገና በልጅነቷ ነው። «ቫይታሚን ዲ አንሶሻል፤ ክኒኑን ዋጪ፣ ፀሐይም ሙቂ» ብለዋታል። ስኳር ያለበት ወጣት የደም ሥሩ ቀድሞ ይጎዳል፣ የቫይታሚኑ ማነስም ሳያባብሰው አይቀርም ብላ እሷው አስረዳችኝ። እኔ ግን «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ከጠራች በኋላ ያወራችውን በቅጡ አልሰማኋትም።

እህቴ ሉባባ በሀያት ዕድሜ ነበረች፤ ስኳሩም ነበረባት። ዘመኑ ደርግ፣ አገሩ ሸቤ። መርፌዋ ከጅማ በስንት መከራ ይመጣል፤ ሲገኝም በውሃ እንስራው ሥር እናቀዘቅዘዋለን። እናቴ ደግሞ ምች እንዳይመታት ብላ የጓዳውን መስኮት በጆንያ ደፈነችው። ማን ይከራከራታል? ክረምቱ አልፎ ቡና ሲለቀም ጠዋት ጠዋት ደጅ እናሰጣለን፣ ፀሐይ እንዲያገኘው እናገላብጣለን፣ ሲደማምን እየሮጥን እንሸፍናለን። ሉባባ ከጓዳ ሆና «ምነው እኔንም ቡና ባደረገኝ!» ትላለች። እኛ እንስቃለን። ውይ፣ ያ ሳቅ!

ከዚያ የእግሯ ጣት ቆሰለ። ቁስሉ አልድን አለ፤ እግሯ ቀዘቀዘ፣ ብንነካትም አይሰማትም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቷት ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬውኑ ጅማ አድርሷት፤ እግሯ ቀርቶ ነፍሷም ያሰጋኛል» አለን።

አባቴ አዝሎ መንገድ ዳር አወጣት። ቡና የጫነ መኪና ሲመጣ እንለምናለን፤ አቧራውን አልብሶን ያልፋል። ሌላውም እንደዚያው። «ያ ረቢ፣ አንዱን አቁምልን!» እያለች እናቴ ታለቅሳለች። እኔን! በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ነጠላዋን ሉባባ ላይ ወጥራ ፀሐዩን ትከልልባታለች፤ በሌላው እጇ ዳማከሴ አሽታ ታሸታታለች።

«እማ፣ ተዪኝ፣ ልሙቅ።»

«ምች ይመታሻል፣ ልጄ!»

«ከዚህ በላይ ምን ይመታኛል?»

እናቴ እጇን ዝቅ አደረገች። ነጠላው ቀስ እያለ ወረደ። ሉባባ ፊቷን ቀና አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ስትል አየኋት።

ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል አንድ ሹፌር ራርቶ ቆመ። «አብሽሩ እናቴ፣ ከላይ ጆንያው ላይ አስተኟት» አለ። ጆንያው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው።

«እሰይ፣ ይሞቃል» አለችኝ፣ እጄን ይዛ።

ሌላ ቃል አልወጣትም። ጅማ ስንገባ እጇ እጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሀያትን ደጅ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ፀሐይ ሉባባን ታድናት ነበር አልልም፤ ሐኪሞቹም ዋናው መርፌው ነው ይላሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ለቡናው ያልነፈግነውን ለሷ መንፈጋችን ነው። እናቴም ከዚያ ቀን በኋላ እስክትሞት ድረስ መስኮት ዘግታ አታውቅም።

«እማማ፣ በቃኝ! አቃጠለኝ እኮ!»

«ቁጭ በይ!» ብዬ ተቆጣኋት።

አፌ እንደዚያ ይላል፤ እጄ ግን ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስቶ ሊከልላት ተዘርግቷል።