የድንጋይ ፈላጯ እግር

ጁባ የገባሁት ሐሙስ ነው፤ ሥራ የጀመርኩት ቅዳሜ። ከዚያ በፊት ጅማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ አሥራ አንዱን ዓመት ያሳለፍኩት ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ጁባ አትላባራ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ሲቀጥረኝ ሰኞ እንደምጀምር ነበር የተነገረኝ። ዓርብ ከሰዓት ግን ዶክተር ይልማ ያረፍኩበት ድረስ መጥተው፣ “ሲስተር ጥሩወርቅ፣ ነገ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣልዎታል፤ ጉዴሌ እንሄዳለን” አሉኝ።

ዶክተር ይልማ የክሊኒኩ ባለቤት ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከፍሎ የሚታከም ሰው ያያሉ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሠራተኛውን በሙሉ ጭነው ከከተማው ዳር ጉዴሌ ወደሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሄዳሉ። እዚያ የሚመጣ ሰው አይከፍልም።

“ይሄ ውሌ ላይ የለም” አልኳቸው።

“የማናችንም ውል ላይ የለም” አሉ።

ግቢው ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ተዘረጋ። አንደኛው የዶክተሩ፣ ሁለተኛው የወባ ምርመራ፣ ሦስተኛው መድኃኒት ማደያ። ለእኔ ጠረጴዛ አልተረፈም። ቁስል ስለሚሸት ከሌላው ሰው ራቅ ብዬ ኒም ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ያዝኩ። ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ፎርሴፕ፣ አንድ መቀስ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንትና ፈልቶ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ነበረኝ። እስከ ሰባት ሰዓት አሥራ አራት ቁስል አጠብኩ። አብዛኛው በከሰል ምድጃ የተቃጠሉ ሕፃናት ቁስል ነበር።

አስተርጓሚዬ ኛማል ናት። ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ ወደ ወላጆቿ አገር ደቡብ ሱዳን ከመጣች ጥቂት ዓመት የሆናት ሴት ነች፤ ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነው። ቤቷ ኑዌር ትናገራለች፣ መንገድ ላይ የጁባ ዓረብኛ። የመጀመሪያው ቀን “ኢታ ኬፍ” ብዬ ሰላም ማለትንና “ማሌሽ” ብዬ ይቅርታ መጠየቅን አስተማረችኝ። “ለእርስዎ ሥራ ሁለቱ ይበቃሉ” አለችኝ።

ማማ ኪደን የመጣችው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ተራው ሁሉ እስኪያልቅ ግንቡ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ቆየችና፣ ዕቃ ስንሰበስብ ተነስታ መጣች። ግራ ቅልጥሟ ላይ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ጠምጥማበታለች። ጨርቁ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። የተጣበቀ ጨርቅ አይጎተትም፤ በጨው ውሃ እያራስኩ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ሲለቅ ከሥሩ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቁስል ወጣ።

“መቼ ነው የጀመረሽ?” ብዬ ጠየቅኋት።

ኛማል ሰምታ ተረጎመችልኝ። “ስድስት ዓመት ሆነኝ ትላለች። ድንጋይ ፈላጭ ናት፤ ከከተማው ዳር ያለው ተራራ ሥር። ስትፈልጥ ስባሪ ተፈናጥሮ መታት።”

ዶክተር ይልማን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ስኳሯን ለኩ፤ ደህና ነው። ብዙ ዓመት የቆየ ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከጫፉ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ለምርመራ ካምፓላ ላኩ። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ካንሰር አይደለም።

እኔ እስከዚያ አልተቀመጥኩም። የእግሯን ጀርባ በሁለት ጣት ዳስሼ ትርታ መኖሩን አረጋገጥኩ፤ ትርታ የሌለውን እግር አጥብቆ ማሰር እግሩን መግደል ነው። የሞተውን ሥጋ አነሳሁ፣ ቫዝሊን የነካው ጎዝ አለበስኩት። ከዚያ በሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶቿ ሥር ጀምሬ፣ እያንዳንዱን ዙር በፊተኛው ግማሽ ላይ እየደረብኩ፣ እስከ ጉልበቷ ሥር አሰርኩት። “እስከ ቅዳሜ እንዳትፈቺው” አልኳት። እሺ አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እግሯን ዳግም በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። የእኔን ፋሻ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ በፌስታል ይዛዋለች። ቁስሉ ላይ አቧራ ገብቷል።

ተቆጣሁ። “ባለፈው ቅዳሜ የደከምኩበት ቁስል ላይ አፈር አስገባሽበት። እግርሽን ካልፈለግሽው ለምን ትመጫለሽ?” አልኩ። ኛማል ወደ እኔ ዞረች።

“ንገሪያት እንጂ።”

“ይሄን አልተረጉምም” አለች ኛማል። “መጀመሪያ ለምን እንደፈታችው ልጠይቃት።”

ጠየቀቻት። ማማ ኪደን ረጋ ብላ መለሰች። ኛማል ዓይን ዓይኔን እያየች ተረጎመችልኝ፦ “ፋሻው የእናንተ ነው፤ ብዙ ሰው ይጠብቃችኋል። ለሌላ ሰው ይሁን ብዬ አጥቤ መለስኩት ትላለች።”

ጓንቴን አወለቅሁ። ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ “ማሌሽ፣ ማማ” አልኳት። የጮህኩት በአማርኛ ስለሆነ ቃሉን አልሰማችም፤ ድምፄን ግን ሰምታለች። ፋሻው የእሷ መሆኑን ኛማል ደጋግማ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ አልፈታችውም።

ቁስሉ ግን አልቀነሰም። በየሳምንቱ ምስሉ ታጥቦ የለቀቀ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የራጅ ፊልም ቁስሉ ላይ አስደግፌ፣ ዙሪያውን በማርከር እስልና ቀኑን እጽፍበት ነበር። የአምስት ሳምንቱ ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ሰኞ ጠዋት ዶክተር ይልማ ቢሯቸው ጠሩኝ።

“ሲስተር፣ ለዚህች ሴትዮ በየቅዳሜው አንድ ሰዓት ይሰጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ስንት ሰው ሳይታይ እንደተመለሰ አይተዋል?”

“አይቻለሁ።”

“እሷን ሆስፒታል እንላካት። ምናልባት ከጉልበት በታች ይቆርጡት ይሆናል፤ ግን ትድናለች።”

“ጠይቀዋታል?”

“ትናንት ጉዴሌ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄጄ በኛማል በኩል ጠይቄያታለሁ። እምቢ አለች። ድንጋይ ፈልጦ መሸከም በሁለት እግር ነው አለችኝ።” ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “እኔም ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። አንድ ነርስ ነው ያለኝ።”

ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። “ስምንት ቅዳሜ ይስጡኝ” አልኳቸው። “እሷን ከሌላው ሰው ቀድሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አያታለሁ። ከተራው ጊዜ አልወስድም።”

“አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና የለም።”

“በቦዳ ሞተር እሄዳለሁ።”

ብዕራቸውን አነሱና “ስምንት” አሉ።

ያን ሳምንት ረቡዕ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ኛማልን ይዤ ተራራው ሥር ሄድኩ። በሙያዬ ይህን ያህል ዓመት ስቆይ፣ የበሽተኛ ሥራ ቦታ ሄጄ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ በየራሳቸው የድንጋይ ክምር ፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ማማ ኪደን ቀኝ እግሯን ዘርግታ፣ የታመመውን አጥፋ ከሥሯ አድርጋ፣ ትልቁን ድንጋይ በመዶሻ ትፈልጣለች። እንዲያ ሆና ትውላለች። በተመታ ቁጥር ስባሪው ፋሻዬ ላይ ይዘንባል።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የእኔ ማሰሪያ ደሙን ወደ ላይ እንደሚገፋ፣ አቀማመጧ ደግሞ ደሙን እንደሚያግድ ኛማል አስረዳቻት። እግሯ ተዘርግቶ ከፍ ማለት አለበት።

ማማ ኪደን ሳቀች። “እግሬን ሰቅዬ ከተቀመጥኩ ሥራ የምሠራ አልመስልም፤ የሹም ሚስት ነው የምመስለው” አለች። ጎረቤቶቿም ሳቁ። ከዚያ ሳቋን ተወችና አንድ ነገር ተናገረች። ኛማል ተረጎመችው፦ “የሹም ሚስት ይበሉኝ።”

መፍትሔውን ያገኘችው እሷ ነች። ጠጠር የሞላ ጆንያ ጎትታ አመጣችና የታመመውን እግሯን ጫነችበት። እግሯ ተዘርግቶ ከፍ አለ። ስባሪውን እንዴት እንከልክል ብዬ ሳስብ፣ የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን አንስታ በቢላዋ በቁመቱ ሰነጠቀችው። ቅልጥሟ ላይ ስታሳርፈው ልክ ሆነ። በላስቲክ ገመድ ከፋሻው ላይ አሰርነው። ያን የመሰለ መከላከያ የየትኛውም ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ከስምንቱ ቅዳሜ በሦስተኛው የቁስሉ ጫፍ ሮዝ ሆነ። አዲስ ቆዳ ነው።

ለአምስተኛው ቅዳሜ አጥቢያ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ አደረ። የጉዴሌ መንገድ ጭቃ ሆነ። ዶክተር ይልማ ስልክ ደውለው፣ “ዛሬ መኪና አይገባም፤ ሥራ የለም” አሉ። እኔና ኛማል በቦዳ ወጣን። የሞተሩ ነጂ ልጅ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ጎማው ተቀበረና “ኻላስ”፣ በቃ፣ ብሎ አወረደን። ሳጥኑን እየተቀባበልን በእግር ቀጠልን። ጫማዬን ሁለት ጊዜ ከጭቃ ውስጥ በእጄ አወጣሁት።

ከሩቅ አንዲት ሴት በዱላ ተደግፋ ወደ እኛ ስትመጣ ኛማል አየች። ማማ ኪደን ነበረች። መኪናው እንደማይመጣ ገምታ በእግሯ አትላባራ ወዳለው ክሊኒክ ጉዞ ጀምራለች። ፋሻው እንዳይርስ ሁለት ፌስታል ደርባ አስራበታለች። መንገድ ዳር ያለ የሱቅ ባለቤት ወንበር አወጣልን። በረንዳው ላይ ፈትቼ አየሁት። ፋሻው ደረቅ ነበር።

ያን ዕለት አጥቤ ስጨርስ አዲስ ፋሻ አሰርኩና ፌስታሎቹን መለስኩበት።

ከስምንተኛው ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሰኞ የራጅ ፊልሞቹን ሁሉ ይዤ ዶክተር ይልማ ቢሮ ገባሁ። ተቀብለውኝ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው መስኮቱ ላይ በብርሃን አዩዋቸው። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንድ ላይ ገጥመዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት አንዱ በአንዱ ውስጥ እየጠበቡ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም።

“ስለ እግሯ ተሳስቼ ነበር” አሉ። “ስለ ሰዓቱ ግን አልተሳሳትኩም።”

“አልተሳሳቱም።”

“እንግዲያው ለቁስል የራሱ ሰዓት ይኑረው። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ መኪናው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳል። ሾፌሩ ሲያጉረመርም ወደ እርስዎ ነው የምልከው።” ኒሙ ሥር ጠረጴዛ የተሰጠኝም ያኔ ነው።

የማማ ኪደን ቁስል ወደ እኔ በመጣች በሰባተኛው ወር ተዘጋ። ቆዳው ስስና የሚያብረቀርቅ ነበር። ሊከፈት እንደሚችል ነገርኳት፤ በሚቀጥለው በጋ እውነትም ጥፍር በሚያህል ቦታ ተከፈተ። በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ በር ላይ አገኘኋት። ቅዳሜን አልጠበቀችም፣ በጨርቅ አልሸፈነችውም። በሦስት ሳምንት ዘጋነው።

ዛሬም ድንጋይ ትፈልጣለች። ከእሷ ጋር የሚሠሩ ሴቶች ሲመጡ የሚያሳዩኝ ቁስል ትንሽና የቅርብ ነው፤ ከነርሱ ብዙዎቹ ቅልጥማቸው ላይ ጀሪካን ያስራሉ። ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁም።

ክሊኒኩ ዘንድሮ ሁለት ወጣት ነርሶች ቀጥሯል፤ ቅዳሜን ለእነሱ እያስረከብኩ ነው። ማሰሩን አሳይቻቸዋለሁ፣ እጃቸው ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ቁስሉ እኛ ጋ የሚቆየው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ የቀረውን ሳምንት የሚውለው ሰውየው በሚሠራበት ቦታ ነው። አልድን ካለ እዚያ ሄዳችሁ እዩት።