ጨለማ የሚችል ተክል

ልጅ እያለሁ ከቤታችን ይልቅ ደጃችን ይሰፋ ነበር። ቤቱ ከደብረ ታቦር ገበያ ወረድ ብሎ ያለ፣ በጭቃ የተመረገ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ደጁ ግን የእናቴ ግዛት ነበር። ጽጌረዳው አጥሩን ተንተርሶ ወደ መንገዱ ይጎነበሳል፤ እንሶስላው ከግድግዳው ሥር ይንጨባረቃል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለሁ የጤና አዳሙ ሽታ ይቀበለኛል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው መንገዱ ላይ ነበር፤ ኳስ ይዞ ወደዚያ ግቢ መግባት በልመናም አይፈቀድም። እማየ ቁራጭ ለሚለምናት ሁሉ ቆርጣ ትሰጥና «ከጸደቀልሽ ነይና ንገሪኝ» ትላለች። እየመጡም ይነግሯታል። እንዲህ እንዲህ እያለ የሠፈሩ አበባ ሁሉ የእናቴ ዘመድ ሆኖ ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ በአንበሳሜ በኩል ወዳለው የአጎቴ አውድማ ለእገዛ ሄደች። ገብሱ በመንሽ ወደ ነፋስ ሲዘራ ነፋሱ ድንገት ዞረና እንደ መርፌ የቀጠነ የገብስ ጢም ዓይኗ ውስጥ ገባ። አሸችው። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መገለጥ አልቻለም። ጠበሉም ተሞከረ፤ ሐኪም ቤትም ተኬደ፤ በመጨረሻም ወደ ጎንደር ተላከች። አባየ ይዟት ሄዶ ሲመለሱ ራሷን በነጠላ ሸፍና፣ ክንዱን ይዛ፣ መሬቱን በእግሯ እየዳሰሰች ነበር። የተጎዳው አንዱ ዓይኗ ቢሆንም ብርሃን ሲያዩ የሚያማቸው ሁለቱም ናቸው። ኃይለኛ ብርሃንና ጭስ እንዳታገኝ ታዝዞላታል።

አባየ አናጢ ነው። የሰፈሩን መስኮት ግማሹን የሠራው እሱ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። የመኝታ ክፍላችንን ብቸኛ መስኮት ግን በጣውላ ዘጋት፤ በላይዋም ብርድ ልብስ ሰቀለባት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ያለው ብርሃን ገርበብ ባለው በር ሾልኮ የሚገባው ብቻ ሆነ። እማየ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። መጀመሪያ ጎረቤቱ እየመጣ ያጫውታት ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ሰው አልፈልግም አለች፤ ሰዉም እንዳያስቸግራት ብሎ ቀረ። የምትዘምረው መዝሙር ቆመ። እንጀራውንም አንድ ጉርሻ ወስዳ ትመልሰዋለች።

አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ «ጤና አዳሜ አለ?» አለችኝ። ሮጬ ወጥቼ ቅርንጫፍ ቀንጥሼ ሰጠኋት። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አሸተተችው፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወዲያው እሷ ወደ ደጇ መሄድ ካልቻለች ደጇን ወደ እሷ አመጣዋለሁ ብየ ቆረጥሁ። በዚያው ሰሞን ጤና አዳሙን ከነሥሩ ነቅየ በዘይት ቆርቆሮ ተከልሁ፤ ከጽጌረዳውም አንዷን ትንሽ ግንድ ጨመርሁ። አልጋዋ አጠገብ አስቀምጨ እጇን ይዤ አስነካኋት። ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር።

ጽጌረዳዋ ሳምንትም አልሞላት፤ ቅጠሏ በአልጋው ላይ መራገፍ ጀመረ። ጤና አዳሙ ደግሞ ቀጭን ሆኖ እየነጣ፣ አንገቱን ወደ በሩ አስግጎ፣ ውሃ የጠማው ሰው መሰለ። እኔም ጠማው ብየ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ። ባጠጣሁት ቁጥር ይብስበታል። እማየ በጣቶቿ ደረቁን ቅጠል ፍርፍር አድርጋ ጣለችና ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «እዚህ ክፍል የገባ ሁሉ አይበረክትም» አለች።

ቃሉ አስፈራኝ። ልጅ ብሆንም የምትለው ስለ ጽጌረዳው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሐኪሙ ለምርመራ ተመልሳ በሄደችበት ጊዜ ቁስሉ መዳኑን ነግሯታል፤ ባንደኛው ዓይኗ ላይ ጠባሳ ቢቀርም ሌላው ደህና ነው፤ ከእንግዲህ ጥቂት በጥቂት ብርሃን ልመጂ ብሏታል። እሷ ግን እሽ አላለችም። አባየ ብርድ ልብሱን ሊያወርደው እጁን ሲሰነዝር ጮኸች። ከዚያ በኋላ መስኮቱን የሚነካ አልነበረም።

ያለችውን ለአባየ ነገርሁት። አባየ ዝም ባይ ሰው ነው፤ መጋዙን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ጽጌረዳ የፀሐይ ልጅ ናት። ጨለማ የሚችለውን መፈለግ ነው እንጂ» አለኝ። የት እንደሚገኝ ግን አልነገረኝም። እሱም አያውቅም ነበር።

መልሱን ያገኘነው በዕለተ ሰንበት ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የነፍስ አባታችንን ለመጠበቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጥዶቹ ሥር ተቀመጥን። እዚያ ቀትር ላይም ቢሆን ይጨልማል፤ መሬቱ ይረጥባል፤ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። እግሬን እያወዛወዝሁ ሳለሁ ዓይኔ ከግንዱ ሥር ወዳለው አረንጓዴ ሄደ። ቅጠሉ እንደ ዶሮ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ ለስላሳ፣ ጥላው ውስጥ የሚያምርበት ተክል ነው። ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ላይ አንድም አልበቀለም።

«አባየ፣ ይሄ እኮ ጨለማ ይችላል» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኧረ ይችላል!» አለ። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቸው አላውቅም።

ቄሱ ሲመጡ ግን ነገሩ ቀላል አልሆነም። «ከዚህ ደጅ ቅጠል አይበጠስም፤ ይኸን ሳታውቁ ቀርታችሁ ነው?» አሉን። አባየ አንገቱን ደፍቶ የእናቴን ነገር ነገራቸው፤ «እዚህ ክፍል የገባ ሁሉ አይበረክትም» ማለቷን ሳይቀር። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙት። ኋላ «እሷ እኮ ለዚህ ደጅ ስንት ችግኝ የሰጠች ሴት ናት» አሉና በመቋሚያቸው ጫፍ ዳር ላይ ያለውን አሳዩን። «ከነአፈሩ አንሡት። ስትድን ራሷ መጥታ ምትኩን ትትከል በሏት።»

ሁለተኛው ተክል የመጣው ከእትየ ዘሃራ ነው። እትየ ዘሃራ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ የእማየ ወዳጅ ናቸው። የሱቃቸው ጓዳ መስኮት የለውም፤ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣራው ተደርድሮበታል፤ ጥጉ ላይ ግን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል ነበራቸው። ወሬውን ከአባየ ሰምተው አንዱን ቡቃያ ከነሥሩ ገንጥለው በሌላ ጣሳ ተክለው ራሳቸው ይዘውት መጡ። እማየ ሰው አልፈልግም ብትልም አልሰሟትም፤ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እሱን ጠግበሻል። ይህን ያመጣሁት ሱቄ ስለጠበበኝ ነው፤ አስቀምጭልኝ» አሏት።

እማየ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «እንቢ ብልሽስ ትመልሽዋለሽ?»

«አልመልሰውም።»

ሲወጡ እኔን በሩ ላይ ያዝ አድርገው ትእዛዝ ሰጡኝ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተችና ደርቆ ካላገኘሽው ውሃ እንዳታስነኪው፤ ጨለማ ውስጥ ያለ ተክል ብዙ አይጠጣም፤ አዝነሽ አታስጥሚው አሉኝ። ያ ጥድ ሥር የበቀለው ግን እርጥበት አይጉደልበት፤ ቦታው እንደዚያ ነበርና። ቅጠላቸው ላይ አቧራ ሲያርፍ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ያለችውን ጥቂት ብርሃን አቧራው እንዳይሻማቸው አሉ። ጤና አዳሙን በምን እንደገደልሁት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ክፍሏ ገብቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እጇን ይዤ «እስኪ ንኪው፣ ደርቋል?» እላታለሁ። እሷም ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ ትፈርዳለች። የጎራዴው ተክል ምንም አልመሰለውም፤ እንደተከሉት ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ግን ቅጠሉ ጠወለገ፤ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆነ። ደግሞ ይኸም ከሞተ እማየ የምትለውን አስቀድሜ እሰማው ነበር። አባየም ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሱ ነው።

አንድ ጠዋት ገና በሩን ስገፋ «ነይ እስኪ፣ ቶሎ ነይ!» አለች። ቁጭ ብላለች። ጣቷ አፈሩ ላይ ነው። «ምንድን ነው ይሄ? ትል መስሎኝ ደንግጨ ነበር።» ጎንበስ ብየ አየሁት። ከአፈሩ ውስጥ አዲስ ለጋ ብቅ ብሏል፤ የሕፃን ጡጫ ይመስል ተጠቅልሎ፣ በጥቃቅን ጠጉር ተሸፍኖ። ስነግራት ቀስ ብላ በጣቷ ጫፍ ደባበሰችው። ወደ በሩ ዞረችና፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «በሩን ትንሽ ገፋ አድርጊው» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ ጨመረችበት፤ «ለኔ አይደለም፤ ለሱ ነው።»

ገፋ አደረግሁት። በማግስቱም ትንሽ ጨመርሁ። ለጋው ሲፈታ ደግሞ ቀለሙን ካላየሁ ብላ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ እንባዋ ዝርግፍ ብሎ ወረደ፤ ግን አልጨፈነችውም። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን አውርድ ያለችው ራሷ ናት። አባየ ጣውላዎቹን የነቀለው አንድ በአንድ፣ ሚስማሩን እንዳያስጮህ እየተጠነቀቀ ነው። በፋሲካ ማግስት እማየ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጣል አድርጋ ደጅ ወጣች። አንደኛው ዓይኗ እንደ ጉም ነጭ ነበር። በሌላኛው ግቢዋን ዞራ አየችና «ምነው፣ አረሙ እንዲህ እስኪወርሰው የት ነበራችሁ?» ብላ ተቆጣችን። አባየ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ዛሬ እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ነው የምኖረው። ከፊቴ ሌላ ሕንፃ ቆሞብኛል፤ ሳሎኔ በቀንም መብራት ይፈልጋል። ግን በአረንጓዴ የተሞላ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «የኔ ቤት ፀሐይ አያገኝም፤ ምን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አበባ የሚያወጣውን ተውት፤ ቅጠሉ ወፈር ያለውንና ጥላ ሥር የሚበቅለውን ምረጡ፤ ሐረግ የሚሆነውን በጠርሙስ ውሃ ውስጥም ቢሆን አስቀምጡት፤ ውሃ አታብዙ እላቸዋለሁ። ልጄ ደግሞ የተክሉን ፎቶ በስልኳ አንሥታ ስሙንና ጠባዩን ወዲያው ታነብልኛለች። ያን ጊዜ ተክሎቹ ስም የለሽ ነበሩ፤ የሚታወቁት በሰጪው ነው። አሁን ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ከማን ግቢ እንደተቆረጠ አላውቅም፤ ሲጸድቅም ሄጄ የምነግረው ሰው የለም።

አባየ አርፏል። እማየ ከኔ ጋር ናት፤ ደህነኛው ዓይኗም በእርጅና እየደከመ ነው። በቅርቡ ስለዚያ ዘመን ሳነሣባት፣ ስለ ጥድ ሥሩ ተክልና ስለ ለጋው ስነግራት፣ ግራ በመጋባት ሰማችኝ። «ተክሉን አላስታውሰውም» አለች። እኔ ደነገጥሁ። እሷ ግን እጄን ፈልጋ ያዘችና «ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ አጠገቤ ቁጭ ትይ ነበር። እሱን አስታውሳለሁ። ኮቴሽን እየጠበቅሁ ነበር የሚነጋልኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቡና ቢቀር ይቅር፣ ባጃጁም ጥሎኝ ይሂድ ብየ፣ ከቢሮ በፊት ክፍሏ እገባለሁ። የምናወራው ብዙ የለም። አንዳንዴ ተቀምጨ እያለሁ መልሳ እንቅልፍ ይወስዳታል። እጄን እስክትለቅ እቆያለሁ።