ክፈቱት ያልኩ ቀን

የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ እኔ ላይ ወደቀ፤ ተሳሳትኩ። ዛሬ ቡሬ ላይ የመስመር ጥገና ቡድን እመራለሁ። ለልምምድ የሚመጡ ወጣቶች «ከትምህርቱ በጣም የከበደሽ የቱ ነው?» ሲሉኝ ስለዚያች ጥያቄ እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ሳቃቸው እንዲበቃ የቀረውንም ልጻፈው።

መምህሩ ቀጭን፣ ጠመኔ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ሰሌዳው ላይ አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖልና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሣሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ። «አንቺ። ይህን ማብሪያ ብከፍተው አምፖሉ ምን ይሆናል?»

«ይበራል» አልኩ ሳላቅማማ። ቤታችን ሬዲዮ ሲከፈት ያወራል፣ ሲዘጋ ዝም ይላል። ቧንቧም ሲከፈት ይፈሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

«ይጠፋል» አሉ። «መክፈት ማለት መንገዱን መቁረጥ ነው። የሚበራው ሲዘጋ ነው። እዚህ የምናጠናው ኮረንቲ እንጂ ውሃ አይደለም።» ክፍሉ ሳቀ። ከሳቁት ግማሾቹ እንደኔ ሊመልሱ እንደነበር ፊታቸው ያስታውቃል። ደብተሬ ላይ «ክፍት ማለት ጠፋ፣ ዝግ ማለት በራ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ግራ መጋባት ዋና ሥራዬ ሆነ። ኮረንቲ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል ተባልን። እሱን ሳንጨርስ፣ በእውነት የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ የሚሄዱትም በተቃራኒው ነው ተባልን። «ታዲያ ለምን አናስተካክለውም?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሁሉም ስለለመደው» አሉ መምህሩ።

በሚቀጥለው መንፈቅ ደግሞ ኢማጂነሪ የሚባል፣ በእውን የሌለ ቁጥር መጣ። የሌለውን ቁጥር አባዝተንና አካፍለን ያለውን ኮረንቲ እናገኝበታለን። እኔም አገኘሁት፤ ፈተናውንም አለፍኩ። ምን እንዳደረግኩ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አልገባኝም ማለት ከመውደቅ ይልቅ ያሳፍረኝ ነበር። ስለዚህ የማይገባኝን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ መያዝ ጀመርኩ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ለእረፍት ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። አንድ ክረምት እንዲህ አሉኝ፤ «መብራት ሄደ ይባላል። ወዴት ነው የሚሄድ? መጣ ሲባልስ ኸየት ነው የሚመጣ?»

«የትም አይሄድም አባባ። መንገዱ ይከፈትና ይቆማል» አልኳቸው።

«ኸተከፈተለትማ ይመጣ ነበር እንጂ፣ ለምን ይቆማል?»

የተማርኩትን አስረዳኋቸው። ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ። «በር ሲከፈት ያሳልፋል፤ የናንተው ሲከፈት ይከለክላል። ይኸማ ቅኔ ይወጣዋል» አሉና ደስ አላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ ሰነበቱ። እኔን ዓመት ሙሉ ያሳመመኝ ነገር እሳቸውን ሲያስደስታቸው ሳይ ቀናሁባቸው።

አራተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ፍኖተ ሰላም ወደሚገኝ የመስመር ጥገና ቢሮ ተመደብኩ። የቴክኒክ ኃላፊው ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ቲዎሪው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ከአያ ስማቸው ጋር ውጪ። እሳቸው ያስረሱሻል።»

አያ ስማቸው ከፍተኛ የመስመር ቴክኒሻን ነበሩ። ከአዴት እስከ ሊበን ያልወጡበት ምሰሶ የለም ይባላል። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸው ደግሞ ከቁመታቸውም ያጥራል። በመጀመሪያው ቀን ቀበቶውን፣ የምሰሶ መወጣጫ ብረቱን፣ ፒንሳውን፣ የላስቲክ ጓንቱንና ቴስተሯን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩልኝ። ቴስተር ካቻቢቴ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ጫፏ ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ ሲነካ መያዣዋ ውስጥ መብራት ትበራለች።

«ኸነዚህ አንዱን ብቻ ያዢ ብትባዪ የቱን ትይዣለሽ?» አሉኝ።

«ቀበቶውን።»

«ቀበቶ ኸመውደቅ ያድናል። ይቺ ግን መጀመሪያውኑ ኸመንካት ታድናለች» አሉና ቴስተሯን ደረት ኪሳቸው ሰኩ። ደንባቸውን የነገሩኝም ያኔ ነው፤ ኮረንቲውን ራስሽ አጥፊ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ኪስሽ ክተቺ፣ ለኪ፣ ከዚያ ንኪ።

የትራንስፎርመርን ስሌት ሦስት ገጽ ሙሉ መጻፍ እችል ነበር። ራሱን ትራንስፎርመሩን ሲያሳዩኝ ግን የቱ ገቢ፣ የቱ ወጪ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቡድኑ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራኝ ጀመር። ክብር መስሎኝ ነበር፤ ማሾፍ መሆኑን ለመረዳት ሳምንት ፈጀብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ካለች የገጠር ቀበሌ ጥሪ መጣ። ነፋስ ሽቦ አላልቶ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጋር እየተሻሸ እሳት ይረጫል ተባለ። በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ነው። ደረስን ስንል ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቆረ፤ ሰዉ የተሰጣ በርበሬውን በየደጁ ይሰበስባል።

ሽቦው የላላው ወዲህ ማዶ ነው። ማጥፊያው ያለበት ሳጥን ደግሞ ሸለቆውን ተሻግሮ ወፍጮ ቤቱ ጎን ነው፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። የሳጥኑን ቁልፍ የምትይዘው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ናት። ናት ማለቴ ይቅር ይበለኝ፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ለአካባቢው ሁሉ እናት የሆኑ ሴት ናቸው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ መብራት በተበላሸ ቁጥር ሠራተኞቹ ለእሳቸው መደወል ለምደዋል።

አያ ስማቸው ደመናውን አዩና በዚያች ቀን ብቻ ደንባቸውን ዘለሉ። «እኔ ልውጣ። አንቺ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ደውይና መጥፋቱን አረጋግጪ» ብለው መወጣጫውን እግራቸው ላይ አሰሩ።

ደወልኩ። የተማርኩትን ቃል የምጠቀምበት ቀን መጣ ብዬ ድምፄን አስተካከልኩ። «እትዬ ዘውዴ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማጥፊያ ክፍት ነው ዝግ?»

«ዝግ ነው ልጄ። ኸጧት ዥምሮ ዝግ ነው።»

ዝግ ማለት በራ። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ነው። ቀና ስል አያ ስማቸው ምሰሶው አናት ደርሰው ቀበቷቸውን እያጠበቁ ነበር። «ኧረ ይክፈቱት» አልኩ። «ቶሎ ይክፈቱት።»

«ልክፈተው?» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ሰው የለበትም?»

«ሰው ስላለበት እኮ ነው ይክፈቱት የምልዎ።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና ማጥፊያው ቀጭ ሲል በስልኩ ተሰማኝ። ሰው ያዳንኩ መስሎኝ እፎይ አልኩ።

«ጠፋ ወይ?» አሉ አያ ስማቸው ከላይ። ፒንሳው ቀኝ እጃቸው ላይ ነበር።

«ተከፍቷል» አልኩ፤ በኩራት።

ፒንሳውን ወደ ሽቦው ሊዘረጋ የነበረው እጃቸው ቆመ። ቁልቁል አዩኝ። ፒንሳውን ቀበቷቸው ላይ መለሱና ቴስተሯን አውጥተው ሽቦውን በጫፏ ነኩ። ከታች ሆኜ የቴስተሯን መብራት ማየት አልችልም። የሳቸውን ፊት ግን አየሁት።

«ኢንጂነር» አሉኝ ቀስ ብለው። በዚያ ሰዓት ማሾፍ አልነበረበትም። «ደውይና ያጥፉት በያቸው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

ደወልኩ። «ያጥፉት» አልኩ። «ኧረ እኔስ ግራ ብሎኝ ነበር» አሉ እትዬ ዘውዴና አጠፉት። አያ ስማቸው እንደገና ለክተው ወረዱ። ምሰሶው ሥር ተቀመጡ።

«ስወጣ ለክቸው ነበር፤ ጠፍቶ ነበር» አሉኝ። «ላረጋግጥ ብዬ ጠየቅሁሽ። ጠፋ ወይ ስልሽ ተከፍቷል አልሽኝ። ሰው ያልጠየቅሁትን ሲመልስልኝ እጠረጥራለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ያን ጊዜ ነው እትዬ ዘውዴ ከጧት ጀምሮ ዝግ ነው ያሉት ጠፍቷል ማለታቸው እንደነበር የገባኝ። ጠፍቶ የነበረውን እኔ ነኝ ያስበራሁት። አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ መወጣጫውን ከእግራቸው እየፈቱ ጠበቁኝ።

ሸለቆውን ተሻግረን ሄድን። ደንቡ ከእንግዲህ ሊዘለል አይችልም፤ ቁልፉን አያ ስማቸው ራሳቸው ተቀብለው ኪሳቸው መክተት ነበረባቸው። ወፍጮ ቤቱ በናፍጣ ሞተሩ በርበሬ ሲፈጭ ስለዋለ ሁላችንም እያስነጠስን ነበር የምንነጋገር። እትዬ ዘውዴ የሆነውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ያልሽኝን ነው ያረግሁ» አሉኝ። «ሬዲዮ ክፈቱ ብትይኝ ምን ነበር የማረግ?»

ጥያቄው ያው የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ነው። መልሱም በመጀመሪያው ቀን የመለስኩትና የተሳቀብኝ መልስ ነበር። ያንን መልስ ባልረሳው ኖሮ አያ ስማቸው ለሞት አይቀርቡም ነበር።

ሽቦውን ጠግነን ቢሮ ስንመለስ የቴክኒክ ኃላፊው አስጠራን። «ማን ነው ያጠፋው?» አለ።

«ያጠፉትስ እትዬ ዘውዴ ናቸው» አሉ አያ ስማቸው። «ያበራነው እኛ ነን።»

ኃላፊው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። አያ ስማቸው ግን ወዲያው ቀጠሉ፤ «ጥፋቱን ኸሆነ የምትጠይቅ፣ የኔ ነው። ቁልፉን ኪሴ ሳልከት ነው የወጣሁ። ተማሪ ስልክ ላይ አቁሜ።» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ ሳይከራከሩ ፈረሙ። እኔን ኃላፊው ለብቻዬ ጠርቶ «ሪፖርትሽ ላይ ባትጽፊው ይሻልሻል» አለኝ። ጻፍኩት።

ሪፖርቱን የሚያርሙት ያው ጠመኔ የማይለያቸው መምህር ነበሩ። እየጠበቅኳቸው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ተማሪ እያለሁ ይበራል ብዬ ነበር የመለስኩት» አሉ። «ያኔም ተስቆብኝ ነበር።» ለምን ከመጀመሪያው እንዳልነገሩን ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ።

ለአባቴም ነገርኳቸው። ያ ቅኔ ይወጣዋል ያሉት ነገር ስለሆነ ሊደነቁበት ይችላሉ ብዬ ነበር። አልተደነቁም። «ሰውየው ልጆች አሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አራት።»

«እንግዲህ ያንን ነገር ለተማሪ አልደግመውም» አሉና ጭራቸውን አንስተው ወጡ።

ተመረቅኩ። የሌለው ቁጥር አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ሥራዬን ግን እሠራለሁ። አያ ስማቸው ጡረታ ወጥተዋል። በየሳጥኑ ላይ የመጥፊያውን አቅጣጫ ቀይ፣ የመብሪያውን አረንጓዴ ቀለም ቀብተናል። ቀለሙን መጀመሪያ የቀባነው ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ሳጥን ላይ ነው፤ እትዬ ዘውዴ «አሁን በስልክ ብቻ ሳይሆን በዓይኔም ተነጋገርን» አሉ።

አዲስ የልምምድ ተማሪ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ያቺኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ሲከፈት ይጠፋል» ብለው ይመልሳሉ፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ይህንኑ እትዬ ዘውዴን ጠይቁ ብዬ እልካቸዋለሁ። ግራ ገብቷቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ሥራ እንጀምራለን።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። በስልክ ክፈት፣ ዝጋ አይባልም፤ አብራ፣ አጥፋ ይባላል። ጠፋ ቢባልም ቁልፉ ኪስ ይገባል፣ ሽቦው ይለካል። ግራ የገባው ሰው ደግሞ መጠየቅ አለበት። እትዬ ዘውዴ ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኳቸውም።