ሐፊሬን በራሴ አፍ ያስመለስኩበት ክስ

ጠበቃ ያልያዝኩት ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሰው በመተማ ስላላገኘሁ ነው። ለመኩራራት አይደለም፤ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በወጣትነቴ በኮኪት ከተማ ሰሊጥ ስሸከም፣ ጆንያው ላይ የታተመውን እያየሁ ነው። ከጆንያ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተሻገርኩ። ሕጉን ሳነብ ደራሲው እኔን አማክሮ የጻፈው እስኪመስለኝ ድረስ ገባኝ።

ክሱ የውሃ ነበር። በእርሻዬ ዳር በጉልምስናዬ በዶማና በአካፋ የቆፈርኩት ሐፊር አለኝ፤ የክረምቱን ዝናብ አቁሮ በጋውን ከብት የሚያጠጣ ትልቅ ጉድጓድ ነው። በእኛ ቆላ ሐፊር የሌለው ሰው ከብት አለኝ ብሎ አያወራም። ጎረቤቴ ደግሞ በትራክተር የሚያርስ ባለ ሰፊ እርሻ ነው። አንድ ጧት ላሞቼን ነድቼ ስደርስ ሐፊሩ ዙሪያውን በግራር እሾህ ታጥሯል።

“በእኔ ይዞታ ውስጥ ነው” አለኝ ጎረቤቴ።

ሽማግሌ ላክሁበት፤ አልሰማም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ጓንግ ወንዝ ነው። በዚያ ሐሩር ከብት ወንዝ ወርዶ እስኪመለስ የጠጣውን መንገዱ ይጨርሰዋል። ላሞቼ ነጠፉ፤ የአንዳንዶቹ ጎድን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። የበጋው ሙቀት ሳይበረታ ውሃዬን ካላስመለስኩ ከብቶቼን አላተርፋቸውም።

ክሱን ራሴ ጻፍሁ። አባቴ ከደጋ ከወረደበት ጀምሬ፣ ቁጥቋጦውን እንዴት እንደመነጠርን፣ ጅቡን እንዴት እንዳባረርን አንድ አላስቀረሁም። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀና አለ።

“አባባ፣ ይህ ክስ ነው ወይስ የሕይወት ታሪክ?”

“ሁለቱም ነው።”

“ምን እንደተደረገብዎትና ምን እንዲደረግልዎት እንደሚፈልጉ ብቻ ይጻፉ” ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ተናደድሁ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቆራረጥኩት። “ሁከት ይወገድልኝ” የሚለውን ከሕጉ አውጥቼ አናቱ ላይ ስጽፍበት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው አማረ። ልጁም ማኅተሙን መታበት።

ቀጥሎ ለጎረቤቴ የማደርሰው መጥሪያ ተሰጠኝ። ጎረቤቴ ቤት ስሄድ “አብደራፊ ሄዷል” ይሉኛል፤ ትራክተሩ ግን ከጓሮ ቆሟል። በመጨረሻ ሠርግ ላይ አገኘሁት። እጁ ወጥ ነክቶ ሳለ መጥሪያውን ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። የገበታው ሰው ሁሉ አየ።

“ምነው ጋሼ፣ ጉርሻ እንኳ ልዋጥ” አለኝ።

“ዋጥ፤ ቀጠሮው ገና ነው።”

ቀጠሮውስ መች አለቀ። አንድ ቀን ዳኛ ሥልጠና ሄደዋል፣ አንድ ቀን መብራት ጠፍቷል፣ አንድ ቀን የጎረቤቴ ጠበቃ ታሟል። እኔ በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ እመጣለሁ፤ ሌላ ቀን ተሰጥቶኝ እመለሳለሁ። ሐፊሩን ስጠርግ አብረውኝ የሠሩት የቀን ሠራተኞች ምስክሮቼ ነበሩ፤ እነሱም አጨዳው አልቆ ወደየአገራቸው ተበተኑ።

ጉዳዩ ሲሰማ ያለ ምስክር ቆምሁ። ዳኛዋ የልጅ ልጄ እኩያ ናት። እንደ ድሮ ተሟጋች በትሬን ተደግፌ ከሩቁ ጀመርሁ።

“አባት፣ ወደ ጭብጡ ይግቡልን” አለችኝ።

“እየመጣ ነው ክብርት ዳኛ። ከሩቅ ስለሚመጣ ነው።”

ሰው ሳቀ። “እንግዲያው ይፍጠንልን” አለች፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ።

ጠበቃው ተነሣና፣ ሐፊሩ ማንም ያልያዘው የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ነው፣ ከሳሹም በእጁ አድርጎት አያውቅም አለ። ንግግሩ ክፉ አልነበረም። ተራው ሲደርሰኝ ጎረቤቴን ራሱን ልጠይቀው ብዬ ለመንሁ፤ ዳኛዋ ፈቀደች። ጎረቤቴን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ስግብግብ ነው፤ ስድ ግን አይደለም። በእኛ አገር ሰው ከቆፈረው ሐፊር ሳያስፈቅድ የቀዳ ሰው ከሌባ ይከፋል፤ ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ከኋላችን ደግሞ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ተደርድረዋል።

“አምና ትራክተርህ ራዲያተሩ ደርቆ ሲቆም ከዚያ ሐፊር ውሃ ቀድተሃል?”

“ቀድቻለሁ።”

“ሳታስፈቅድ ነዋ የቀዳኸው።”

ዞሮ ሽማግሌዎቹን አየ። ጠበቃው “የተከበረው ፍርድ ቤት” እያለ ሊነሣ ሲል ጎረቤቴ ቀደመው።

“ምን ማለትዎ ነው? እኔ ሳላስፈቅድ የሰው ውሃ የምቀዳ ነኝ? ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ እርስዎን ለምኜ፣ ‘ቅዳ’ ብለውኝ አይደለም እንዴ?”

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛዋ ውሃውን እኔን አስፈቅዶ መቅዳቱን ጻፈች። እኔም “ሌላ ጥያቄ የለኝም” አልሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ችሎት ተጠይቆ አያውቅም፤ ብዙ ዓመት የሠሩት ጸሐፊ ራሳቸው ሲወጡ እጄን ጨብጠውኛል።

አጥሩ እንዲነሣ ተፈረደ። በማግስቱ ጎረቤቴ ራሱ እሾሁን ሲጎትት ደረስንበት። ላሞቹ እስከ ሆዳቸው ገቡ። ባለቤቴ ዳር ቆማ ታያለች።

“የረታልዎት እኮ እሱ ነው” አለችኝ። “አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬም ጓንግ እንወርድ ነበር።”

“አፉን ማን አስከፈተው?”

“ይሁን፣ እርስዎ ነዎት” አለችና ሳቀች።

እኔ ነበርኩ። አንዷ ጊደር አፏን ከውሃው አንሥታ ተነፈሰች፤ እንደገናም ደፋች።