እስከ ሰኞ ዝናብ የሌለበት ምርቃት

ሰርጌ መጀመሪያ የተቆረጠው ለጥር ነበር። በጥር ቆላችን ጠብታ አያውቅም፤ ዳስ ጥሎ፣ ሰማዩን ረስቶ መጨፈር ነው። ግን አክስቴ አረፈችና ሐዘን ተቀመጥን፣ ከሐዘኑ ሳንወጣ ዐቢይ ጾም ገባ፣ እንዲህ እየተገፋ ግንቦት መጨረሻ ላይ ወደቀ። ግንቦት መጨረሻ እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ሁሉ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠብቃል። ከኮኪት ከተማ ወዲያና ወዲህ ዝናቡ እንዳይመጣ የምለምነው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤት ውስጥ መደገስ የማይታሰብ ነው። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ እንግዳ ከወጡ ቀድሞ ይበስላል። ስለዚህ ከግቢያችን የቁርቁራ ዛፍ ጀምሮ እስከ አጥሩ የቅጠል ዳስ ተጣለ። እናቴ ለማንኛውም ብላ ላዩን ሸራ አስወጠረችበት፤ ከሥሩ ጥቂት ተቀምጣ ላቧን እየጠረገች ራሷ አስወረደችው። እጮኛዬ የጠረፍ ከተማዋ የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነው፣ ስልኩን ያምናል። የአየር ትንበያ እየከፈተ እሑድ ፀሐይ ነው ይለኛል። ያ ስልክ ግን ጠረፍ ላይ ውሎ የሱዳኑን ኔትወርክ ስለሚይዝ የሚያሳየው ከድንበሩ ማዶ ያለችውን የገላባትን ሰማይ ነው። ደመናው ኬላ ላይ ፍተሻ ይዞት ይቀራል ብሎ እንደሆን እንጃ። አባቴ ደግሞ ስልክ አያይም። ጠዋት ጠዋት ይወጣና ወደ ደጋው በኩል አይቶ ይመለሳል። ፊቱ የፈካ ቀን እኔ ቁርሴን አልበላም።

የፈራሁት መበስበሱን አልነበረም። የፈራሁት አባቴን ነው። የእኛ መሬት ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ በመጀመሪያው ርጥበት ቶሎ ካልታረሰ አረም ይቀድመዋል፣ ዝናቡ ከደጋገመው ደግሞ ትራክተር ይውጣል። ስለዚህ አባቴ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያለበትን ጥሎ የሚነሳ ሰው ነው። ክርስትና ቤት የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ ተነስቷል። እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ ከኮሌጅ ስመረቅ፣ ስሜ ሊጠራ ትንሽ ሲቀረው ሰማዩ ጉርምርም አለና አባቴ የለም። ጋዋኔን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ላይ ያለነው እኔ፣ እናቴና አንድ ባዶ ወንበር ነን። እርሻው እኔንም እንዳበላኝ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ በዚያ ወንበር ተቀይሜው ነበር። ስለዚህ ለሰርጌ አስማልኩት፦ ሙሽራው ይዞኝ አስፋልት እስኪወጣ ከጎኔ ላይነሳ። ማለ፤ ሲምል ግን ሰማዩን እያየ ነበር።

ዋዜማውን ዳሱን ሊመርቁ የሰፈራችን ሽማግሌ መጡ። ከወሎ ወርደው እዚሁ ያረጁ፣ ምርቃታቸው ይይዛል የሚባሉ ሰው ናቸው። ይይዛል መባሉ ነው ያስፈራኝ። ጓሮ ጠብቄ ያዝኳቸው።

“አባባ፣ ዛሬ ዝናቡን ይዝለሉልኝ። ከሰኞ በኋላ እንደፈቀዱ።”

“አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ገበሬ ሰብስቤ ዝናብን ብዘል ከዳሱ በእግሬ የምወጣ ይመስልሻል?”

ለመንኳቸው፣ እጃቸውን ሳምኩ፣ የዶሮውን እግር ለይቼ እንደማስቀምጥላቸውም ቃል ገባሁ። ዳስ ገብተው መረቁ። ከብቱን መረቁ፣ ዘሩን መረቁ፣ ሰላሙን መረቁ። ዝናቡ ጋ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው፤ ወደ እኔ አዩና “የቀረውን እሱ ያውቃል” ብለው ዘጉት። ከምርቃቱ ሁሉ አሜኑ የጮኸው እዚያ ላይ ነበር። ያኔ ነው ያለቀልኝ።

እሑድ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ፣ በአበባ ያጌጡት መኪኖች ግቢያችን በር ላይ ተደረደሩ። ምሳው ተጋምሶ ነፋስ ተነሳ፣ ቀጥሎ ወጡ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። የእኔ መስሎኝ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ለካ ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚያዩት። ከዚያ ወረደ፤ እንደዚያ ያለ ዝናብ ከየት እንደመጣ እንጃ። እንግዳው አንድ በአንድ ይሾልክ ጀመር። አንዱ ራሱን አመመው፣ አንዱ በሬው ተፈታበት፤ በሬ እንደሌለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከአጥር ውጭ ትራክተር በትራክተር ላይ ይነሳል።

አባቴ ከጎኔ አልተነሳም። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግራ እግሩ የትራክተር ፍሪሲዮን የሚረግጥ ይመስል ከፍ ዝቅ እያለ፣ ቁጭ ብሏል። ዝናቡ ሲያባራ የሚዜዎቹ መኪኖች ጎማቸው ዋልካው ውስጥ ተውጦ አንነቃነቅ አሉ። ይኼኔ አባቴ ብድግ አለ። የኮቱን ጫፍ ያዝኩ።

“በትራክተር እሸኛችኋለሁ” አለ።

ተሳቢው ላይ ፍራሽ ተነጠፈ፤ ቬሎዬን ሰብስቤ ከሙሽራው ጋር ወጣሁ። የጎረቤቶቻችን ትራክተሮች ከግራም ከቀኝም ማረሻቸውን አንጠልጥለው ወደየማሳቸው ይገሰግሳሉ። የእኛ ማሳ ያለው መንገዱ ዳር ነው። እዚያ ስንደርስ አባቴ ትራክተሩን አቆመና እኔን ሳያየኝ፣ አዲሱን ሱፉን እንደለበሰ ወረደ። ማሳው መሃል ጎንበስ ሲል አየሁት። ባሌን፣ ሰርጉ እዚህ ላይ አለቀ፣ ቀሪውን መንገድ አንተ ንዳ አልኩት።

አባቴ ተመለሰ። መሬቱ እንዴት ነው አልኩት፣ በንዴት።

“አልጠጣም። ከላይ ከላይ ነው የራሰው፤ አያስቸኩልም።”

እጅጌው እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ክንድ እስከ ክርኑ የሰመጠበት መሬት ጠጥቶ ጠግቧል። አባቴ በሕይወቱ ስለ መሬት ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ መቀመጫው ወጣና ተሳቢው እንዳያንገጫግጨን ቀስ ብሎ ነዳ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እኔ አለቀስኩ፤ እንደዚያን ሰዓት ወድጄው አላውቅም። ባሌ ዝናቡ ኩሌን ያጠበው መስሎት መሐረብ ሰጠኝ።

አስፋልቱ ላይ የሚጠብቀን ሚኒባስ አጠገብ ሁላችንም ፎቶ ተነሳን። ፎቶው አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ የመጣ ሁሉ አባቴን አይቶ እኚህ ሰው አንድ እጃቸው ምን ሆኖ ነው ይላል። ደህና ነው፣ ከኋላው ደብቆት ነው እላለሁ።