ከመስታወቱ ወዲህ

ሰው ሁሉ እታለም ይላታል። ሠራተኞቹም፣ የሚመጡት ልጆችም፣ ወላጆቻቸውም። የቢሮዋ በር ላይ የተለጠፈው ማዕረግ ረጅም ነው፤ እሱን አሟልቶ የሚጠራት ሰው ግን ኖሮ አያውቅም። እታለም የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ገና ድክ ድክ ስትል፣ አባታቸው በሞተ ሰሞን።

የምትመራው የሥነ ልቦና አገልግሎት ከአንድ ጤና ጣቢያ ጀርባ፣ በአሮጌ ፎቅ ላይኛው ደርብ ላይ ነው። የሚመጡት ልጆች ትልቅ ሰው ገላቸውን የደፈረባቸው ናቸው። ይህ ግን የትም አልተጻፈም፤ እታለም ከልክላለች። ደረጃውን የሚወጣ ልጅ ጥርሱን ሊታይ የሚሄድ ቢመስል ነው የምትወደው። የመጠበቂያው ክፍል ወንበሮች ሁሉ ፊታቸው ወደ በሩ ነው፤ እዚህ ቤት የሚመጣ ልጅ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ እንደማይቀመጥ ከሥራው ተምራለች። ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የአሸዋ ገበታና አሻንጉሊቶች ያሉበት፣ ሌላው ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ከዚያ የተለየ ጠባብ ክፍል። ባለሙያዋ ከልጁ ጋር ስትጫወት እታለም እጠባቡ ክፍል ሆና በድምፅ ማጉያ ታዳምጣለች።

ከልጆቹ ጋር የምትቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ሻምበል ናት። ሻምበል ወታደር ሆና አታውቅም፤ አረማመዷ ነው ስሙን ያመጣባት። ኮሪደሩ ላይ ስትመጣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የአሻንጉሊቶቹን ክፍል ስትገባ ግን እንደ ድመት ነው የምትረግጠው። "ደሞዜን የሚከፍሉኝ ለአፌ አይደለም፣ ለዝምታዬ ነው" እያለች ትቀልዳለች።

አንድ ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ጆሮዋ ድረስ የተደፋ የሹራብ ኮፍያ አድርጋለች። ፀጉሯን በገዛ እጇ እየነጨች ጨርሳው ነው። ሻምበል ወዲያው "ባለ ኮፍያዋ" አለቻት፣ ልጅቷም ስሙን የጠላችው አልመሰለችም። ሐኪም አይቷት ጉዳት እንደደረሰባት ጽፏል። ማን እንዳደረሰባት ግን ከአፏ ሊወጣ አልቻለም።

"ልጄ እኮ ከቤት አትወጣም" አለች እናትየው፣ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች። "ሠፈር አትጫወት፣ ዘመድ ቤት አታድር። ከትምህርት ቤትና ከአስጠኚዋ በቀር የምታየው ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ የተመሰገኑ ሰው ናቸው። ስንቱን ለምኜ ነው ያገኘኋቸው።"

"አስጠኚዋ ቤት ነው የሚመጡት?" አለች እታለም።

"አይ፣ እሳቸው ቤት ነው። እናታቸውም አሉ፣ ትልቅ ሴትዮ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ።"

እታለም ጻፈች። የእሷም ወንድም አስጠኚ ነው። የሚኖረውም ከእናታቸው ጋር ነው። ከተማው በአስጠኚ የተሞላ ነው፣ ከእናቱ ጋር የሚኖርም ሞልቷል፤ እንዲህ ብላ ራሷን ገሠጸች። ስሙን ግን አልጠየቀችም። በሥራ ዘመኗ ሁሉ መጠየቅ ያለባትን ነገር ሳትጠይቅ እንግዳ ስትሸኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስለ ወንድሟ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። አባታቸው ሲሞት እሱ ገና ጢም ሳያወጣ የቤቱ አባወራ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲችል ቀረና የሰው ልጆች ሂሳብ እያስጠና እሷን አስተማራት። ሚስት አላገባም። "እኔ ያገባሁት የእታለምን ትምህርት ነው" ይል ነበር፣ ሰውም ይስቅለታል። ቁጥር የያዘችው በእሱ ጣት ነው። ድምር ከአሥር ሲያልፍባት የራሱን ጣቶች ዘርግቶ ሲያበቃ ፊቱን የጨነቀው ያስመስልና "የኔ አሥር አልበቃኝም፣ እስቲ ጣቶችሽን አበድሪኝ" ይላታል። እሷም እየሳቀች ሁለት እጆቿን ትሰጠዋለች። አሁን ደግሞ የእሷን ልጅ የሚያስጠናት እሱ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ከወር ወር አይገኝም፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አያቷ ቤት ትሄዳለች፣ እታለም ከሥራ ስትወጣ ትወስዳታለች። ለዓመታት የኖሩት እንዲህ ነው።

ባለ ኮፍያዋ መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ አሸዋ ብቻ ነበር የምትበትነው። ቀጥሎ እጅ ላይ የሚጠለቅ የጥንቸል አሻንጉሊት ወደደች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥንቸሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ታስተምራት ጀመር። ሻምበል ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላለች። እታለም ከመስታወቱ ወዲህ ሆና ማስታወሻዋን ይዛለች።

ልጅቷ ድምፅዋን አወፈረች፣ የሽማግሌ አደረገችው። "በይ፣ ሰባትና ስምንት ስንት ነው? አታውቂም? ምንም አይደል፣ አብረን እንቆጥራለን።" የራሷን ጣቶች ዘረጋችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "የኔ አሥር አልበቃኝም። እስቲ ጣቶችሽን አበድሪኝ።"

ከዚያ የጥንቸሏን ሁለት እጆች ጨብጣ ያዘች፣ ለረጅም ጊዜም አለቀቀችም። ሲበቃት ጥንቸሏን ጠረጴዛው ሥር ከተተቻትና ትራስ ጫነችባት። ትራሱ ላይም ወጥታ ተቀመጠች።

"ጥንቸሏ እታች ምን ትላለች?" አለች ሻምበል በቀስታ።

"ምንም አትልም። እናቱ በሩ ላይ አለች እኮ፤ ብትጮህ ይሰማባታል።"

እታለም የድምፅ ማጉያውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ግን ሰበሰበችው። መስታወቱ ላይ የራሷን ጥላ አየች፣ ከኋላው ደግሞ ልጅቷን፣ ኮፍያዋን ወደ ዓይኗ እየሳበች። ሻምበል ልጅቷን ሸኝታ ስትመለስ እታለም ከወንበሯ አልተነሣችም ነበር።

"ምነው፣ አመድ መሰልሽ?"

"አሞኛል። ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ።"

ያኔውኑ ለምን እንዳልተናገረች በኋላ ብዙ አስባበታለች። የልጆቹን ጉዳይ የምትይዘው የፖሊስ መርማሪ በዚያው ሕንፃ ናት፤ ደረጃ መውረድ ብቻ ነበር። እግሯ ግን የወሰዳት ወደ እናቷ ቤት ነው። ልጇ እዚያ ነበረችና።

በሩን እናቷ ከፈተችላት። "ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? በጊዜ መጣሽ!" አለች እናትየው ደስ ብሏት። "ግቢ ሻይ ልስጥሽ። እያጠኑ ነው።"

የጥናቱ ክፍል በር ዝግ ነበር። ሁልጊዜም ዝግ ነው፣ ወንድሟ "ጩኸት ትኩረት ይሰርቃል" ስለሚል። እታለም በዚህ በር አጠገብ ስንት ጊዜ ተቀምጣ ሻይ ጠጥታለች። ዛሬ መያዣውን ሳታንኳኳ ተጫነችው።

ሁለቱም ቀና አሉ። ልጇ እርሳስ አፏ ውስጥ ከትታ ክፍልፋይ እየሠራች ነው፤ እሱ ከጎኗ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ። ጠረጴዛው ላይ ደብተርና ላጲስ እንጂ ሌላ የለም። ምንም ነገር አልነበረም። ይህ "ምንም" ግን አላሳረፋትም፤ እናቷ በራፉ ላይ ቆማለችና።

"ምነው እታለም፣ ቀደምሽ ዛሬ?" አለ ወንድሟ።

"ራሴን አሞኝ ነው፣ ጋሼ።"

ልትጠይቀው ምላሷ ላይ ደረሰ። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ታስጠናለህ ወይ? አንዲት ጥያቄ ናት። ብትጠይቀው ግን ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ቤት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ስንቱን ወላጅ "ተጠርጣሪውን እንዳትጠይቁት፣ የልጁን ቃል ታጠፋላችሁ" ስትል ኖራለች። አሁን ምክሩ ለራሷ መጣ። ስለዚህ ተቀመጠች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራች። እንዲያ የመረረ ነገር ጠጥታ አታውቅም፣ ስኳሩ ግን ልክ ነበር።

"ልጅቷ እዚህ ትደር እንጂ" አለች እናቷ። "አንቺም ታርፊያለሽ።"

"አይ እማዬ፣ ትሄዳለች።"

"ዛሬ ምን ተገኘና?"

"ትሄዳለች አልኩሽ።"

ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ከዚያ አያት፣ ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ።

"ሥራሽ ደክሞሻል፣ እታለም። ቀኑን ሙሉ ክፉ ነገር የሚሰማ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የገዛ ወገኑን ሳይቀር ይጠረጥራል። ፈቃድ ውሰጂ።"

ድምፁ ለስላሳ ነበር። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ልጅቷ ሁለት ሦስቴ ዞር ብላ አየቻት፤ ለምን እንደሚፈጥኑ አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ሻምበልን ይዛ ወደ መርማሪዋ ወረደች። መርማሪዋ ነገር የማታበዛ ሴት ናት፤ ሰው ሲናገር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የምትሰማው። እታለም የጣቶቹን ነገር ነገረቻት፣ ከልጅቷ አፍ የወጣውን፣ ከራሷ ልጅነት የምታስታውሰውን።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለች መርማሪዋ።

"አይደለሁም። እንዲህ የሚል ሌላ አስጠኚ ሊኖር ይችላል። እርግጠኛ መሆን የእርስዎ ሥራ ነው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ልጅ ፋይል አልነካም፣ መስታወቱ ጋም አልቀመጥም። ሻምበል ትያዘው።"

ሻምበል ወደ እታለም ዞረች። ከዚያ "በእርስዎ ላይስ?" አለቻት፤ ስትደነግጥ አንቱ ማለት ልማዷ ነው። "በልጅነትሽ… በአንቺ ላይ?"

"አላስታውስም" አለች እታለም። "ምንም የለም። የማስታውሰው ሳቄን ነው።" ስንት ወጣት እፊቷ ተቀምጦ "አላስታውስም" ብሏት እንደሚያውቅ ሦስቱም ያውቃሉ።

የልብስ ሰፊዋን ልጅ የሚያስጠናት ወንድሟ ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ያዙት። የእታለም እናት ስልክ ደወለች፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችምም። "ጥርሱን ነክሶ ነው ያሳደገሽ" አለቻት። "የለበስሽው፣ የበላሽው፣ የተማርሽው እሱን ነው። በተማርሽው ቀበርሽው። ከእንግዲህ እናቴ ብለሽ እንዳትደውዪ።" እታለም ልትመልስላት የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። እማዬ፣ በሩ ላይ ተቀምጠሽ ምን ሰማሽ? ልትላት ነበር። ስልኩ ግን ተዘግቷል፤ ባይዘጋም ምናልባት አትጠይቃትም ነበር፣ መልሱን ፈርታ።

አጎቷ ቢሮዋ ድረስ መጣ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አሳምሮ። "የቤት ጉድ በቤት ይያዝ። የልጅቷን እናት እኛ እናናግራታለን፣ እንክሳታለን" አላት።

"አጎቴ፣ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አጎት ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው" አለችው። "እስከ ዛሬ እሺ ያልኩት የለም። ለእናንተ ብዬ አልጀምርም።"

ወንድሟ መጀመሪያ ካደ። ልጅ የፈጠረችው፣ እህቱም ያስጠናቻት ነው አለ፤ አንዳንድ ሰው አመነው። ከዚያ ሌላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ የልጅነቷን ነገር ለማንም ተናግራ የማታውቅ ለአካለ መጠን የደረሰች ወጣት። ከልብስ ሰፊዋ ልጅ ጋር አይተዋወቁም። ሁለቱም የተናገሩት ስለ ጣቶች ነበር። ፈረዱበት። እታለም ፍርድ ቤት የገባችው ለምስክርነት በተጠራች ዕለት ብቻ ነው፤ እሱ ቀና ብሎ በዚያ በለስላሳው ዓይኑ አያት፣ እሷም የምትናገረውን ሳታጥፍ ተናገረች። ስትወጣ ሻምበል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

ባለ ኮፍያዋ አሁንም ትመጣለች። እንደ ሻምበል አነጋገር ኮፍያዋን አንዳንዴ አሸዋ ትሞላበታለች፣ ያን ጊዜ ራሷ ላይ አይሆንም። እናቷ ግን እታለምን ኮሪደር ላይ ስታገኛት ፊቷን ታዞራለች። እታለም አልፈረደችባትም። የእሱን ፊት ታይባት ይሆናል፤ ወንድምና እህት ይመሳሰላሉ።

የራሷን ልጅ እታለም አልጠየቀቻትም። ስትበላ፣ ስትታጠብ፣ ስትተኛ ዓይኗን ከላይዋ አላነሳችም፤ ግን አልጠየቀቻትም። እናት ስትጠይቅ ልጅ የሚመልሰው እናቱን የሚያሳርፈውን ነው፤ ይህን ለስንት እናት ነግራለች። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ሌላ አገልግሎት አለ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ሐኪም ያለበት። ወደዚያ ወሰደቻት። ባሏም ከመንገድ ተጠርቶ መጣ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የመኪና መሪ እንደናፈቀው ሰው ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ አጠገቧ ተቀመጠ። የራሷ መጠበቂያ ክፍል ትዝ ብሏት ዙሪያውን አየች፤ እዚህ የመጠበቂያው ወንበሮች ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው።

ሐኪሙ ልጅቷን ይዟት ወጣ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ እታለም ራሷ ያንኑ ፊት ስትለብስ ኖራለች።

"ዛሬ ሥዕል ሳለች" አለ። "በሚቀጥለው ሳምንት ትምጣ። ከዚያ በኋላም።"

ባሏ "ደህና ናት ማለት ነው?" አለ። ሐኪሙ እታለምን ነው ያየው። እሷም አንገቷን ደፋች፤ "ከዚያ በኋላም" የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃለች። አንዳንዴ ለጥንቃቄ ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም።

ደረጃውን ሲወርዱ ልጅቷ ከአባቷ እጅ ወጥታ ወደ እሷ ተጠጋች።

"ምን አልሽው ብለሽ አትጠይቂኝም?"

"አልጠይቅሽም።"

"መቼም?"

"አንቺ ልትነግሪኝ እስክትፈልጊ።"

ልጅቷ አሰበችበት። የታችኛው ደረጃ ላይ ቆም ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች፣ ምንም ያልላላውን። ከዚያ ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች፤ የኋለኛው ወንበር ጥግ ገብታ በሩን ራሷ ዘጋች።