የመስቀል እንጨት በትራክተር

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሽ ትራክተር፣ የባሕር ዛፍ ፍልጥ የሞላ ተሳቢ እየጎተተ በአጠገቤ አለፈ። የእንጨቱ ሽታ ሲያውደኝ ቆም አልኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነው ትዝ አለኝ።

መስቀል ደርሶ አጎቴ በትራክተሩ ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና እንጨት ሊያመጣ ነበር። "እኔም ልሂድ" አልኩት።

"የመስቀል እንጨት የወንድ ሥራ ነው።"

ስነዘንዘው ሰለቸውና ከትልቁ ጎማ በላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጠኝ። "ድምፅሽን ከሰማሁ ግን መንገድ ላይ አወርድሻለሁ!"

እንጨቱን ጭነን ስንመለስም ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። ዳገቱ ላይ ግን የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ሲነሱ አየሁ። አጎቴ ዞሮ ጭነቱን እያየ ነበር። ብናገር ሊያወርደኝ ነው፤ ዝም ብል ልንገለበጥ ነው።

"አጎቴ! ትራክተሩ እንደ ፈረስ በኋላ እግሩ ሊቆም ነው!"

ፍሬኑን ረገጠ፤ ጎማዎቹ ዷ ብለው መሬት ነኩ። አቅፎኝ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ። "ከኋላ አብዝቼዋለሁ" አለ ለራሱ። ግማሹን ፍልጥ መንገድ ዳር ሲያወርድ አንድ ሽማግሌ መጡ።

"ደግሞ ለመስቀል እንጨት ሴት ልጅ ይዘህ ትወጣለህ?" ብለው ሳቁበት።

"እሷ ባትኖር የዘንድሮ መስቀል በእኔ ለቅሶ ነበር የሚያልፈው" አላቸው።

ቀልድ መስሎኝ እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ። አጎቴ ግን አልሳቀም። አንስቶ ቦታዬ ላይ መለሰኝ።

"በይ አሁን አውሪ" አለኝ። "ሆሳዕና እስክንገባ እንዳታቆሚ።"

ይኸው እስከ ዛሬም አላቆምኩም፤ ትራክተሩ ከዓይኔ ሳይሰወር፣ ይህን መጀመሪያ ለማን እንደማወራው እያሰብኩ ወደ ቤት እሮጣለሁ።